ዝንቧን ያሰራት እጅ

እስቲ ዛሬ ከሶደሬ እንጀምር።

ከአዳማ ተነሥታችሁ የአሰላን መንገድ ይዛችሁ፣ አዋሽ መልካሳን አልፋችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሶደሬ ትደርሳላችሁ። የአዲስ አበባው ሰው ከብርድ ሸሽቶ፣ የአዳማው ሰው ደግሞ ከሙቀት ሸሽቶ ወደ ባሰ ሙቅ ውኃ የሚገባበት ቦታ ነው። ፍል ውኃው ለወገብ ነው፣ ለቁርጥማት ነው ይባላል። ልጆች ይዋኛሉ፤ አዋቂዎች ጥብስ ያዝዛሉ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ሁለቱም እስኪዘናጉ ይጠብቃሉ። ዳቦ ከእጃችሁ ነጥቃ ግራር ላይ የወጣች ጦጣ ቁልቁል ስታያችሁ፣ ጥፋተኞቹ እናንተ ትመስላላችሁ።

ከገንዳዎቹ ማዶ አዋሽ ይፈሳል። ከቆቃ ግድብ ወርዶ፣ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ ቡና በወተት መስሎ ያልፋል። አዞ ስላለበት አስተዋይ ሰው ዳሩ ላይ ብዙ አይቆይም። የአካባቢው ልጆች ግን ሲባጎና መንጠቆ ይዘው፣ ትል ቆፍረው፣ አምባዛና ቆሮሶ ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው።

አንድ እሑድ ከእነዚህ ልጆች መካከል ሸምገል ያሉ ሰው ቆመው አየሁ። አነጋገራቸው የአዳማ፣ ኮፍያቸው የአሜሪካ። እጃቸው ላይ እንደ ጭራሮ የቀጠነች ዘንግ አለች። ክሩን ወደ ኋላ ይወረውሩታል፣ ወደ ፊት ይመልሱታል፣ እንደገና ወደ ኋላ። ውኃውን ከመንካቱ በፊት አየሩን ሦስት አራት ጊዜ ይገርፉታል። ልጆቹን ሳቅ ሳቅ አላቸው። በመጨረሻ አንዱ አላስችል ብሎት ጠጋ አለና፣

«ጋሼ፣ ትል ልስጥዎት እንዴ?» አላቸው።

«አይ የኔ ልጅ፣ እኔ የማጠምደው በዝንብ ነው» አሉትና የክሩን ጫፍ ስበው አሳዩት። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ዝንብ መስሏል። «ራሴ ነኝ ያሰርኳት።»

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሰምተው ኖሮ፣ «ደግሞ ዝንብ ምን አጥፍታ ትታሰራለች?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሰውዬውም ሳቁ።

ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አውጥተው ከፈቱ። ውስጡ በላባ ዝንቦች ተሞልቷል። አንዷን ነጥለው አሳዩን። ክንፏ ነጭ፣ ሰውነቷ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ወገቧ ላይ እንደ መቀነት ቀይ ሐር ታጥቃለች። «ይቺ የንጉሡ ሠረገላ ነጂ ትባላለች። መቶ ዓመት አልፏታል። ይቺኛዋ ልጇ ናት፣ ይቺ ደግሞ የልጅ ልጇ» እያሉ እየተመሳሰሉ የሚለያዩ አምስት ስድስት ዝንቦች ደረደሩ። ልጁ አየ፣ አየና፣

«የመጀመሪያዋን ማነው የሠራት?» አለ።

ሰውዬው ወዲያው አልመለሱለትም። «የሚገርም ጥያቄ ነው» ብቻ አሉ። እኔም ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። የዛሬው ጨዋታዬ በዚያ ጥያቄ ምክንያት ያነበብኩት ነው። (ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ቆዳው ነጠብጣባም፣ ኑሮው ቀዝቃዛና ንጹሕ ወንዝ ውስጥ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ከወንዙ ሥር ተፈልፍለው፣ ክንፍ አውጥተው፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። እነዚህን ነፍሳት መንጠቆ ላይ ልስካ ብትሉ ይፈርሳሉ። ስለዚህ ሰው አንድ መላ ዘየደ፤ ነፍሳቱን በላባና በክር መቅረጽ።

መላው የትናንት አይደለም። ከንጉሥ ኢዛና 100 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የኖረው ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች አስትሬዎስ በሚባል ወንዝ ውስጥ ነጠብጣባም ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ ጽፏል። መንጠቆውን በቀይ የሱፍ ክር ይጠመጥሙታል፤ ከአውራ ዶሮ መንጋጭላ ሥር የሚበቅሉ፣ የሰም መልክ ያላቸው ሁለት ላባዎች ያስሩበታል። አለቀ። መንጠቆ፣ ክርና የዶሮ ላባ። ከ1,800 ዓመት በኋላ ሶደሬ ላይ ያየሁት ሣጥን ውስጥም የነበረው ይኸው ነው።

በ1496፣ እኛ ጋ ዐፄ ናዖድ በነገሡበት ዘመን፣ እንግሊዝ ውስጥ ስለ ዓሣ ማጥመድ አንድ ጽሑፍ ታተመ። በውስጡ 12 የላባ ዝንቦች በየወራቸው ተዘርዝረዋል። እንግዲህ «የታወቀ ንድፍ» የሚባለው ነገር የጀመረው እዚህ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ንድፉን ይጽፋል፤ ሌላው አንብቦ ያስራል፤ ሦስተኛው የተጻፈውን ላባ አጥቶ በሌላ ይተካል። ሦስተኛው ሰው ላይ ስንደርስ ታሪክ ይጀምራል።

የንጉሡን ሠረገላ ነጂ እንውሰድ። መነሻዋ «ሠረገላ ነጂ» ብቻ የምትባል የእንግሊዝ ዝንብ ነበረች። የጣዎስ ላባ ሰውነት፣ ቡናማ የዶሮ አንገት ላባ፣ ነጭ ክንፍ። ያወጣት ቶም ቦስዎርዝ የተባለ የእንግሊዝ ነገሥታት ሠረገላ ነጂ ነው ይባላል። ይህች ዝንብ አትላንቲክን ተሻግራ ኒውዮርክ ደረሰች። በ1878፣ ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ልቼ ላይ በታረቁበት ዓመት፣ ጆን ሄይሊ የተባለ ዝንብ አሳሪ የአንድ ደንበኛ ትእዛዝ ደረሰው። ደንበኛው ጠንከር ያለች ሠረገላ ነጂ ነበር የፈለገው። የጣዎስ ላባ ደግሞ ዓሣ ጥቂት ከነከሰው ይበጣጠሳል። ሄይሊ ምን አደረገ? ወገቧን በቀይ ሐር አሰረው፤ ጭራም ጨመረላት። መቀነቷ ለጌጥ አልመጣችም፤ ለጥንካሬ ነው የመጣችው። ጌጥነቷ በኋላ የተገኘ ትርፍ ነው።

ልብ በሉ፤ ቀይ መቀነት የታጠቀች ነፍሳት በምድር ላይ የለችም። ዝንቧ ምንም አትመስልም። ዓሣው ግን ይወዳታል፤ ለምን እንደሚወዳት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ስሟን ያወጣላት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከታወቀው የኦርቪስ ነጋዴ ቤተሰብ አንዱ፣ «የንጉሡ ትባል» አለ። በቃ፤ ጸደቀ።

ወደ 1930 ግድም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ጊዜ አካባቢ፣ ሊ ዉልፍ የተባለ አሜሪካዊ በኃይለኛ ወንዝ ላይ የላባው ክንፍ እየራሰ እንደሚሰጥም አየ። ላባውን ትቶ በፀጉር ተካው። ፀጉር ይንሳፈፋል። እነሆ የልጅ ልጇ ተወለደች፤ «ሮያል ዉልፍ»። መቀነቷ ግን አልተነካችም።

አያችሁ፣ አንድም ለውጥ እንዲያው «ለየት ልበል» ተብሎ አልመጣም። አንዱ ስለሚበጠስ፣ አንዱ ስለሚሰጥም፣ አንዱ ላባው ስለጠፋ። የወጣ ንድፍ የሚኖረው ሲለወጥ ነው። ሳይለወጥ የኖረ ካለ ሙዚየም ውስጥ ነው።

* * *

ይህንን ሳነብ አንድ ሌላ ታሪክ ገጠመኝ፤ ለእኛ የሚሆን ይመስለኛል።

አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1886፣ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሚንሳፈፉ ዝንቦችን ስለማሰር መጽሐፍ አሳተመ። ሰውዬው ጥብቅ ነው። ዝንቧ ውኃው ላይ ያለውን ነፍሳት ቁርጥ መምሰል አለባት ባይ ነው። በ1890 ቴዎዶር ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ ደብዳቤ ጽፎ ምክር ጠየቀው፤ ሃልፎርድም የዝንቦች ናሙና በፖስታ ላከለት።

ጎርደን ደስ አለው። ደስታው ግን አላሳወረውም። ሃልፎርድ የሚያጠምድበት የእንግሊዝ ወንዝ ጸጥ ያለ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። የጎርደን ወንዝ ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ የሚጋጭ። ነፍሳቱም ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ከእንግሊዙ ናሙና የተማረውን ዘዴ ይዞ፣ የራሱን ወንዝ ነፍሳት አይቶ፣ የራሱን ዝንብ አሰረ። ዛሬ የአሜሪካን የዝንብ አሰራር ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከእሱ ይጀምራል።

እኛስ? የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ እንደተዘጋጀ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚያም ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱም፣ መመሪያውም፣ የስብሰባው አካሄድም ሳይቀር በናሙና መጥቷል። ናሙና ማስመጣት ነውር የለውም፤ ጎርደንም አስመጥቷል። ነውሩ የመጣውን እንደመጣ አዋሽ ላይ ወርውሮ፣ ዓሣው አልነክስ ሲል ዓሣውን መውቀስ ነው።

* * *

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ማነው የሠራት?

በ1854፣ ቴዎድሮስ ዘውድ ሊጭኑ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ ዊሊያም ግሪንዌል የተባሉ የእንግሊዝ ካህን ትዊድ በሚባል ወንዝ ላይ ሲያጠምዱ ውለው ዓሣው የሚበላውን ነፍሳት ያዙ። ወደ ጄምስ ራይት፣ ወደ ዝንብ አሳሪው፣ ወሰዱና «እንዲህ ያለች እሰርልኝ» አሉ። ራይት አሰረ። በማግስቱ ካህኑ ዓሣውን አፈሱት። ዝንቧ ምን ተባለች? «የግሪንዌል ክብር»። የራይት ክብር አልተባለችም።

በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሌናርድ ሃላደይ የተባለ ሰው አንዲት ግራጫ ዝንብ አሰረ። ቻርልስ አዳምስ ለተባለ ወዳጁ ሰጠው። አዳምስ ቦርድማን ወንዝ ላይ ሞከራት፤ ሠራች። ዝንቧም «አዳምስ» ተባለች። ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት የትራውት ዝንቦች ግንባር ቀደሟ ናት። አዳምስን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም፤ ሃላደይን የሚያውቀው ግን ታሪክ ወዳዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ደንቡን አየነው። ስሙ ለወርዋሪው፣ ድካሙ ለአሳሪው።

ይህ ደንብ ለእኛ እንግዳ ነው? አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይለወጣል። የዘንድሮው የታየው አንዲት ዘፋኝ ለብሳው ከሆነ በእሷ ይጠራል፤ በድራማ ከሆነ በድራማው። ሽሮ ሜዳ ያለው ነጋዴም ያውቀዋል፤ ገዢዋም ታውቀዋለች። ክሩን በጣቱ እየቆጠረ መጀመሪያ ያንን ጥለት ያወጣውን፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠውን የዶርዜ ሸማኔ ግን ማን ይጠራዋል? ስሙን መርሳት እንኳ ጥሩ ነው። ድሮ ስም አውጥተንለት ነበር፤ የሚያስጠላ ስም። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን በሌላ ስድብ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ መድረሱ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ስድብ በአዋጅ የሚከለከለው ሲበዛ ነው።

ከዚህ የተለየ ነገር ያደረገች አንዲት ሴት አለች። ሜሪ ኦርቪስ ማርበሪ ትባላለች። አባቷ የዓሣ ማጥመጃ ነጋዴ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዝንብ የሚያስሩ ሴት ሠራተኞችን ታስተዳድር ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ ዝንብ በየሰፈሩ አምስት ስም ነበረው፤ አንዱ ስምም ለአምስት ዝንብ ይሰጥ ነበር። ሜሪ በየስቴቱ ላሉ አጥማጆች ደብዳቤ ጻፈች። «ይህች ዝንብ ከየት መጣች? ማን አወጣት?» መልሱን አሰባስባ በ1892፣ እኛ ክፉ ቀንን ገና በምንወጣበት ዓመት፣ በመጽሐፍ አሳተመችው። የሄይሊ ስም እስከ ዛሬ ከቀይ መቀነቱ ጋር የሚነሣው አንድ ሰው በጊዜው ጠይቆ ስለጻፈው ነው። ልጁ አዋሽ ዳር የጠየቀውን ጥያቄ እሷ ቀድማ ጠይቃዋለች።

* * *

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሁለት በኩል ያገባናል።

አንደኛው ዓሣው ራሱ ነው። ትራውት ከትውልድ አገሩ የወጣው በሰው እጅ ነው። በ1864 እንቁላሉ በሙሽ (ረግረጋማ ሥፍራ የሚበቅለው ለስላሳ ተክል ነው) ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ተከብቦ፣ በመርከብ ከእንግሊዝ ታዝማኒያ ደረሰ። በ1905 ኤዋርት ግሮጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሰፋሪ ከስኮትላንድ አስመጥቶ ኬንያ፣ ጉራ ወንዝ ውስጥ ጨመረው። ከኬንያ ደግሞ በ1960ዎቹ ወደ እኛ መጣ። ሶደሬ አይደለም የመጣው። ትራውት ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት። አዋሽ ለእሱ ሾርባ ነው። የእሱ መንገድ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጎ ባሌ፣ ዲንሾ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ውስጥ ቡናማውና ቀስተ ደመናማው ትራውት ተለቀቁ። ዌብ ማለት ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሚያቋርጠው ወንዝ ነው።

ዓሣውን ስናመጣ ምን ይበላል ብለን ጠይቀን ነበር? ሁለቱም የትራውት ዓይነቶች ከአገራቸው ውጭ ሲለቀቁ ብዙ ጉዳት ካደረሱ 100 የዓለም ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የባሌ ተራሮች ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች መኖሪያ ናቸው፤ በ2023ም የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ናሙና ስለማስመጣት ያልኩት እዚህም ይሠራል። እንግዳ ሲጋበዝ ቤተሰቡ ይጠየቃል።

ስለ ማጥመጃው ዘዴ ግን አንድ በጎ ነገር ልናገር። አገራችን ውስጥ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን እንደሚያሰክረው የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በላባ ዝንብ የሚያጠምድ ሰው ግን አንዱን ዓሣ ለማታለል ግማሽ ቀን ይቆማል። ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ላባው፣ ወርቁ መንጠቆው። ቅኔው ያልገባው ዓሣ ይያዛል፤ የገባው ያመልጣል። ብርብራ ግን ቅኔ የለውም። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት አባቶች ስለ እሾሁ ነበር፤ ስለ ማጥመዱም ቢሉት ያምርባቸው ነበር።

ሁለተኛው የሚያገባን ነገር ደግሞ ዶሮ ነው።

አዳምስ የተባለችው ዝንብ ከምን ትታሰራለች? ሰውነቷ ግራጫ የእንስሳ ፀጉር ነው። ክንፏ ግን ጥቁርና ነጭ የተሸነተረ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ነው፤ «ግሪዝሊ» ይሉታል። አንገቷ ላይ ከዚሁ ላባና ከቀይ ቡናማ ላባ ሁለቱ ተደባልቀው ይጠመጠማሉ። ውበቷ ድብልቁ ነው። ፈረንጆቹ ለዶሮ ላባ መልክ ብዙ ስም አላቸው፤ ዳሩ ቀይ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ለሆነው «ፈርነስ»፣ ዳሩ ነጭ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ለሆነው «ባጀር»፣ እያለ ይቀጥላል። ሶደሬ ያገኘኋቸው ሰውዬ ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ አሉና፣

«እኔ ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ ሞርሳው ፊት ቁጭ ስል አስተማሪው ላባ ዘረጋልን። ሌሎቹ የላባውን ስም ሲያጠኑ ከረሙ። እኔ ግን እናቴን ነው የሰማኋት። ገና ሲዘረጋው፣ ይሄማ ገብስማ ነው! አልኩ» አሉኝ።

ገብስማ! ስንቶቻችን ነን ይህን ቃል የምናስታውሰው? እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ «አንድ ዶሮ» ብለው አይገዙም ነበር። ገብስማ አለ፤ ግራጫና ነጭ የተቀላቀለበት። ዥግርማ አለ፤ እንደ ዥግራ በነጭ ነጠብጣብ የተዋበ። ቆቅማ አለ፤ ቆቅ የመሰለ። ጠጠርማ አለ። ወሰራ አለ። ልበ ወርቅ አለ፤ ደረቱ ላይ ወርቅ የፈሰሰበት። የዶሮው መልክ ዋጋውን ይወስናል፤ አንዳንዴም ጠንቋዩ «ገብስማ አውራ ዶሮ አምጣ» እያለ የሰውን ኪስ ያራቁትበታል። መጥፎም ቢሆን ዓይን ነበረን ማለት ነው።

ዛሬ የከተማ ልጅ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ዶሮ ነው፤ «የሐበሻ» እና «የፈረንጅ»። የተሻሻለው ዝርያ እንቁላል ይጥላል፣ ቶሎ ይደርሳል፤ አልቃወምም። ድሀ እንቁላል ቢያገኝ ማን ይጠላል? ነገር ግን ዝርያው ሲጠፋ ቃሉም ይሄዳል፤ ቃሉ ሲሄድ ዓይኑም ይሄዳል። ስም የሌለውን ልዩነት ሰው አያየውም።

ፈረንጆቹ ደግሞ በተቃራኒው ሄደዋል። ለሥጋውም ለእንቁላሉም ሳይሆን ለላባው ብቻ ተመርጦ የሚረባ አውራ ዶሮ አላቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልቅ ንግድ ሆኗል። በ2011 የአሜሪካ ሴቶች ይህንኑ ረጅም ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ፋሽን ሲያደርጉት ላባው ከገበያ ጠፍቶ፣ ዋጋው ሰማይ ወጥቶ፣ አጥማጆች አልቅሰዋል። ከዚያ የባሰም አለ። በ2009 አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሙዚቃ ተማሪ እንግሊዝ አገር ትሪንግ ከሚገኘው ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎችን ሰርቆ ወጣ። ለምን? ለድሮ የሳልሞን ዝንቦች የሚሆን ብርቅ ላባ ፍለጋ። ከተሰረቁት አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በፊት በታላላቅ ተመራማሪዎች የተሰበሰቡ ነበሩ። ንድፉን ሳይለውጡ እንደ ድሮው ካላሰርን ብለው የሙጥኝ ያሉ ሰዎች ገበያ ነው ሌባውን የፈጠረው። ሄይሊ ቢሆን ኖሮ «ላባው ከጠፋ በሌላ ተካው» ይል ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ ዛሬ በእጅ የታሰሩ ዝንቦችን ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች አንዷ ናት። ሞርሳ ፊት ቁጭ ብለው አይተውት የማያውቁትን ወንዝ ነፍሳት ቀኑን ሙሉ የሚያስሩ እጆች አሉ። ዝንቧ የአዳምስን ስም ይዛ ትሄዳለች፤ የእነሱን ስም ግን ማንም አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ዓሣውን ከኬንያ አመጣን፤ ሙያውን ግን እዚያው ተውነው። በፋሲካ ዋዜማ የገብስማውን አንገት ላባ ከነፈላ ውኃው ጠቅልለን እንደፋለን። «ላባ ሰብስበን እንበልጽግ» እያልኩ አይደለም፤ ያን ያህል የዋህ አይደለሁም። የምለው፣ የምንደፋውን ነገር ስም አውቀን እንድፋው ነው።

* * *

ሶደሬን ሳንጨርሰው ወጣን፤ እንመለስ።

ልጁ ሣጥኑን አይቶ ሲያበቃ ሮጦ ሄደ። ሲመለስ እጁ ላይ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ያነሣው የዶሮ ላባ አለ። ቀይ ነው፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ጣል አድርጎበታል። ከሹራቡ ጫፍ ክር መዘዘ። ሞርሳ የለም፤ ሰውዬው መንጠቆውን በሁለት ጣታቸው ያዙለት። ጠመጠመ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠመጠመ። ሰውዬው እጁን አልነኩትም፤ «እንዲህ አድርግ» አላሉትም። «ላባውን በሥሩ በኩል ያዘው» ብቻ አሉት፤ እሱንም አንዴ።

የወጣችው ዝንብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተቀጠቀጠ ዶሮ ነው የምትመስለው። ጓደኞቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። እሱ ግን በሲባጎው አስሮ ወረወራት። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነካ አደረጋት፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ የዛፍ ሥር ያዛት፤ ሲጎትት ተበጠሰች። አዋሽ ይዟት ሄደ።

«ሌላ ላስር?» አለ ልጁ፣ ላባውን ከመሬት እያነሣ።

ሰውዬው ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «መጀመሪያ ይቺኛዋን ልመዝግብ» አሉ። ቀይ ላባ፣ ጥቁር ጫፍ፣ የሹራብ ክር፤ ቀኑን፣ ሶደሬ የሚለውንም ጻፉ። ከዚያ ስክሪብቶውን ይዘው ወደ ልጁ ጎንበስ አሉና የሆነ ነገር ጠየቁት፤ እሱም እያፈረ መለሰላቸው፤ ጻፉት።

እኔ በዚያ ሰዓት ጦጣዋ ዳቦዬን ልትወስድ ስትል ዞር ብዬ ነበር። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ጠጋ ብዬም አልጠየቅኩም። ቤቴ ገብቼ ስለ ሄይሊ፣ ስለ ራይት፣ ስለ ሃላደይ ስም መረሳት ይህን ሁሉ ስጽፍ ነው ያስታወስኩት። ለካ የልጁን ስም እኔም አላውቀውም።